ሜዳው ፊት ያለው ቢጫ ቤት

«የት ላስቀምጠው?» አለ ኤርጎ፣ የኖራውን ጆንያ እንደ ተሸከመ።

ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ሴቶች መጀመሪያ ጆንያውን አዩ፤ ከዚያ ኤርጎን፤ ከዚያ ዘሪቱን። ኤርጎ የቀበሌ ጥበቃ ነው። በአንድ ትከሻው ጠመንጃ፣ በሌላው ኖራ ይዞ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ መገተሩ ለራሱም የጣመው አይመስልም። ከጆንያው ቀዳዳ የሚረግፈው ነጭ ብናኝ ካኪ ሸሚዙን አልብሶታል።

«ጓድ ሊቀመንበር ነው የላከው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንግዳው ሳይመጣ ግድግዳው ነጭ ይሁን ብሏል። እ... እግዜር ያጽናሽ፣ ዘሪቱ።»

«እዚያው ጣለው።»

«ወደ ውስጥ ቢገባ ይሻላል። ውሃ ከነካው ይበላሻል።»

«ኤርጎ፣ ባሌን የቀበርኩት ትናንት ነው። ኖራ ተበላሸ አልተበላሸ እኔ ምን ቸገረኝ?»

ኤርጎ ጆንያውን ከመቃኑ ሥር አጋደመና ወጣ። ጥቂት ራቅ ካለ በኋላ ዞር ብሎ የቤቱን ግድግዳ አየ። ወዲያው ዓይኑን መለሰ፤ እርምጃውንም አፈጠነ።

ቤቱ የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ፊት ለፊት ነው። ሜዳው ያለው ከተማው መሐል ነው፤ አውሮፕላን በሌለበት ከብት ይግጥበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ይባረርና ሕዝቡ ይሰበሰባል። ከሰማይ የወረደ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ሜዳውን ይዘው የተደረደሩትን ቤቶች ነው። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከላይ ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜ ቀበሌው እነዚያ ቤቶች በሙሉ ነጭ ኖራ ይቀቡ ሲል አዘዘ። ሁሉም ተቀቡ። የዘሪቱ ባል የተገኝ ቤት ብቻ ቢጫ ሆነ። ቢጫ ሲባል ደግሞ የደበዘዘ፣ አፍሮ ጥግ የሚይዝ ቢጫ አይደለም። የእንቁላል አስኳል ነው። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ከሜዳው ማዶ ያለ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል።

አሁን ግን ግማሹ የለም። ተገኝን ወደ ቀበሌ እስር ቤት በወሰዱት ዕለት ጥበቃዎቹ ቀለሙን በዶማ መፋቅ ጀምረው ነበር። ጭቃውን ከነጭዱ እየገሸለጡ እስከ መስኮቱ ከሄዱ በኋላ ሰለቻቸውና ተዉት። እንግዲህ ቤቱ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ቁስል ሆኖ ነው ሐዘን የተቀመጠው።

ሐዘኑስ ሐዘን ይባላል? ድንኳን መትከል ተከልክሏል፤ ከሜዳው ይታያላ! ጮኾ ማልቀስ ተከልክሏል፤ እስረኛ ሞተ የሚባል ወሬ እንግዳው ጆሮ እንዳይደርስ። ሰው እንኳ ብዙ ሆኖ እንዳይገባ ታዟል። ለቀስተኛው እየተቆጠበ ይገባል፣ በቅል የቀረበለትን የቡና ገለባ ፍል ፉት ይላል፣ አፉን በነጠላው ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ይወጣል። ጂንካ ከተቆረቆረች እንዲህ ያለ ለቅሶ አልታየም።

እትዬ ብዙወርቅን የሚያናድዳቸው ይኸው ነው። የእድሩ ሴቶች አለቃ ናቸው፤ ለቅሶ ሥርዓቱን ሲስት እንደ ራሳቸው ቤት መቃጠል ነው የሚቆጥሩት።

«እሺ ድንኳኑን ከለከሉን» አሉ ወደ ዘሪቱ ጆሮ ጠጋ ብለው። «ግድግዳውን ግን ቢያንስ ጥቁር ጨርቅ እንጋርድበት። በሐዘን ቤት ይኼ ቢጫ ምንድን ነው? ሠርግ አስመሰለው እኮ፣ ልጄ!»

«ጨርቅ የለኝም፣ እትዬ ብዙወርቅ።»

«እኔ አመጣለሁ።»

«ይተዉት። ነጭ ይሆንላቸው የለ?»

ይህን ስትል ለመማረር ብላ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ዘሪቱም ያን ቢጫ ጠልታው ነበር። ቤቱን ከሠሩ ጀምሮ ስትለምነው የኖረችው ነጭ ነው። ንጹሕ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ መስመር ያለው፣ እንደ ጤና ጣቢያው። ቀበሌው ኖራ በነፃ ሊያድል ነው ሲባል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ተገኝ ምን አደረገ? የደረሰውን ጆንያ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወሰደና ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገው። በማግስቱ ወደ እናቱ አገር፣ ወደ አሪ ተራራ ወጣና አህያ ሙሉ ቢጫ አፈር ጭኖ ተመለሰ።

«ለምን እንደ ሰው ነጭ አትቀባም?» አለችው።

«ኖራ እኔ ቤት አይገባም።»

«ለምን?»

«አይገባማ!»

እንዲህ ነበር ተገኝ። ምክንያት ሲጠየቅ የሆዱን በሆዱ ይዞ ያንኑ ቃል በትልቅ ድምፅ ይደግማል። አፈሩን ነፋ፣ በጠበጠ፣ የእንሰት ውሃ ጨመረበት፣ እጅጌውን ሰብስቦ እየዘፈነ ቀባ። ረጅም ስለ ነበር መሰላል አላስፈለገውም። ጎረቤት እየመጣ ሲስቅበት እሱም አብሮ ይስቃል። «መሬቱን ያንተ ነው አላችሁኝ፣ እልል አልኩ፤ ግድግዳው የማን ሆኖ ነው የምታዙኝ?» ይላል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም። ዘሪቱ አኩርፋ ወጡን በዝምታ ታቀርብለት ነበር። ጥበቃዎቹ መጥተው ሲወስዱትም ከጓዳ አልወጣችም። «እሰይ! ይበልህ!» አለችው በመስኮት። ለራት የሚመለስ መስሏት ነው። ያ ቃል ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ አልወርድ አልወጣ ብሏታል።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ራሱ መጣ።

ሀብተ ማርያም ከተገኝ ጋር ያደገ ሰው ነው። እዚያው ሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ ኖረዋል፤ ዘሪቱና ተገኝ ሲጋቡ ሚዜ ሆኖ እያላበው የጨፈረ እሱ ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ከሱቅ ጠባቂነት ተነሥቶ ሊቀመንበር ሆነ፤ ካኪ ኮት አሰፋ፤ አፉንም ቃላት ሞላው። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ቃል ከድቶት ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እግዜ...» ብሎ ዋጠው። እግዜርን መጥራት ካቆመ ቆይቷል። «አይዞሽ» አለ በምትኩ፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ እየተቀመጠ።

ቅል ቀረበለት። አልተቀበለም።

«ምን ገደለው፣ ሀብቴ?» አለች ዘሪቱ።

«ወባ ነው። ታውቂ የለም እንዴ?»

«ወባ መድኃኒት አለው። ክኒኑን በእጄ ይዤ በራፍህ ላይ ቆሜ ነበር።»

«አልነገሩኝም።»

«ሳይፈቀድ አይገባም አሉኝ። ፈቃጁ የት አለ ስል ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ።»

«ለጉብኝቱ ዝግጅት እኮ ...»

«ለኖራ» አለች ዘሪቱ።

ሀብተ ማርያም እጁን አሻሸ። ሴቶቹ ሁሉ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ዓይናቸውን ብቻ ተክለውበታል። እትዬ ብዙወርቅ ወደሱ ጠጋ አሉ።

«አንተ ሀብቴ፣ እናትህ ስትሞት ዝናብ እየወረደበት ድንኳኑን የተከለ ማን ነበር?»

«ተገኝ ነው፣ እትዬ።»

«እህ። ካልረሳኸው ጥሩ ነው።»

«ከጉብኝቱ በኋላ ድንኳን ትከሉ! እንደ ልባችሁ አልቅሱ!» አለ ድምፁ ተሰባብሮ። «እኔ ነኝ እንዴ ሁሉን የማዝ? ከላይ ያሉት እንደኔ ተቀምጠው አይለምኑም። ስሚኝ፣ ዘሪቱ። ነገ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ይህ ግድግዳ እንዲህ ሆኖ ካዩት ቤቱን ለሌላ ስጥ ይሉኛል። እሰጣለሁ። ምን አደርጋለሁ? ካኮ ከተማ፣ እህትሽ ጋ የላክሻቸውን ልጆች አስቢ፤ ሲመለሱ የት ያድራሉ?»

ዘሪቱ ልጆቿን አሰበች። ድካሟንም አሰበች። ከተገኝ ግትርነት ጋር ስትታገል የኖረችበት ዘመን ሁሉ ጉልበቷ ላይ ተቀምጦባታል። ይቀባ! ነጭ ይሁን! መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ተገኝ አሁን እዚህ ቁጭ ብሎ ይከራከር ነበር።

«እሺ» አለች። «ግን ብቻዬን ነው ከነሐዘኔ ጭቃ የምረግጠው? የፋቃችሁት ሳይለሰን ኖራ አይይዝም። ሰው ፍቀድልኝ። ደቦ።»

የሊቀመንበሩ ፊት በራ። «ደቦ! ጥሩ! እኔ ራሴ አስጠራልሻለሁ። የእድሩ አባል ሁሉ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል!» ብሎ ተነሣ። ደስታው ለቅሶ ቤት መሆኑን አስረስቶት ሲወጣ በሩን ዘጋባቸው።

«ብልህ ነሽ» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። «ለቅሶ የከለከለሽ ሰው ራሱ ለቀስተኛውን ሁሉ እንዲጠራልሽ አደረግሽው።»

«ብልጠት አይደለም፣ እትዬ። ሰው ናፍቆኝ ነው።»

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ሴት ቃል አልተናገረችም። የተገኝ እናት ቦሼ ለቀብር ከተራራው ከወረደች ወዲህ ፍራሽ እምቢ ብላ ደጃፉ አጠገብ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አማርኛዋ አጭር ነው፤ የገበያ አማርኛ። አሁን እጇን ዘርግታ የጆንያውን አፍ ፈታች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ አፏን አዞረችና ተፋች።

«ምነው፣ እማ?» አለች ዘሪቱ በአሪኛ።

ቦሼም በአሪኛ መለሰችላት። ዘሪቱ ለጎረቤቶቿ መተርጎም ጀመረች፤ መሐል ላይ ግን ለማን እንደምትተረጉም ረሳችው።

«ልጄ ኖራ ቤቴ አይገባም አላለሽም?»

«ብሎኛል። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«እኔ ነኝ አትናገር ያልኩት» አለች ቦሼ፣ መዳፎቿን ገልብጣ እያሳየች። ቆዳው የተጨማደደ፣ የሚያብለጨልጭ ነው፤ ከጣቶቿ ሦስቱ ጥፍር የላቸውም። ዘሪቱ እነዚያን እጆች ከሠርጓ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ እሳት የበላቸው ይመስላት ነበር። «ፋሲካ በመጣ ቁጥር የጌቶችን ቤት እንቀባ ነበር፤ የገባር ሚስት ሁሉ። ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ታውቂዋለሽ። እስኪበርድ አያስጠብቁንም። በእጃችሁ ለቅልቁ ይሉናል፤ በእጃችን እንለቀልቃለን። ማታ ቤቴ ስገባ እህል መያዝ ያቅተኛል። ተገኝ ትንሽዬ ልጅ ነው፤ ቁጭ ብሎ ያጎርሰኛል። እያለቀሰ ያጎርሰኛል። ከዚያ ወንዝ ወርዶ ቢጫ አፈር ያመጣና እጄን ይቀባልኛል፤ ይበርዳል። የተረፈውን ጎጆዋ ላይ እንለቀልቀዋለን። ጌቶች ነጭ፣ እኛ ቢጫ። እኔ ትልቅ ስሆን ኖራ ቤቴ አይገባም ይል ነበር። ለሰው እንዳትናገር አልኩት። አፍሬ ነው።»

ዘሪቱ ተናደደች፤ በሟቹ ተናደደች። ይህን የመሰለ ነገር ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ሲስቅ ሲዘፍን ኖረ፤ እሷም ስታኮርፍ ኖረች። አንዲት ቃል ቢነግራት ምን ነበረበት? አብራው እስከ ክንዷ ትነከር ነበር።

«የጌቶቹ ቤት» አሉ እትዬ ብዙወርቅ በቀስታ፣ «ደጁ ላይ ትልቅ ዋርካ ያለበት ነው?»

ማስተርጎም አላስፈለገም። ቦሼ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቀይ ጫማ ነበረሽ» አለች በዚያ በአጭር አማርኛዋ። «ኖራ እንዳይነካው ትሮጫለሽ።»

እትዬ ብዙወርቅ ፊታቸው እንደ አመድ ሆነ። ወደ ተሰበሰቡት ሴቶች ዞረው «የአባቴ ቤት ነው» አሉ ድምፃቸውን ሳይደብቁ። ይቅርታም አልለመኑ፣ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አጥብቀው ወገባቸው ላይ አሰሩና «አፈሩ የሚወጣው የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ዘሪቱ ያን ጊዜ ቆረጠች። ቤቱን ቢወስዱት ይውሰዱት። ነጭ ሆኖ ግን አይወስዱትም። ለልጆቿ ጣራ ልታጣ እንደምትችል ታውቃለች፤ እያወቀች ነው የቆረጠችው። የተገኝን ወንድም ዶላሞን አህያውን አስይዛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ተራራው ሰደደችው፤ ጎህ ሳይቀድ ቢጫውን አፈር ጭኖ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት የቀበሌው ጡሩምባ ደቦውን ለፈፈ። ለቅሶ ተከልክሎ የነበረ ሰው ሁሉ በአዋጅ ተጠርቶ መጣ! ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ተራርቀው የነበሩት ምእመናን አንድ ላይ መጡ፤ የእትዬ ብዙወርቅ ቤተ ዘመድ መጣ፤ ወደ አልዱባ ገበያ የሚሄዱ ሳይቀሩ የተገኝን ስም ሲሰሙ ሸክማቸውን አውርደው ቀሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ።

ዘሪቱ ሁሉም እንዲሰማት ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆመች።

«ሳትሰሙ እንዳትነኩ» አለች። «የታዘዛችሁት ለነጭ ነው። እኔ የምቀባው ቢጫ ነው። የፈራ ይሂድ፤ አልቀየምም።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን እያከኩ ወደ ኋላ አሉ። ቀድሞ ወደ ጭቃው የገባው ኤርጎ ነው። ጠመንጃውን ደጁ ላይ ካለው የማንጎ ዛፍ አስደግፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ማንንም ሳያይ ይረግጥ ጀመር።

«አንተ አልነበርክ እንዴ የፋቅኸው?» አለው አንዱ።

«እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔ ልለስነው።»

ጭቃ ሲረገጥ ዜማ ይፈልጋል፤ ያለ ዜማ እግር አይገጥምም። እትዬ ብዙወርቅ ድስቱን ታቅፈው ቢጫውን እያማሰሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ አወጡት፦

«ተነሣ ተገኝ፣ ቤትህ ተሰናዳ፣
እንግዳ ሞልቷል ከደጅ እስከ ጓዳ።»

ረጋጩ ተቀበለ። እግሩ ጭቃውን እየመታ፣ ድምፁ እየወፈረ ሄደ። የተገሸለጠው ግድግዳ በእፍኝ በእፍኝ ተለሰነ። ቦሼ ያንን ጥፍር አልባ እጇን ድስቱ ውስጥ ነክራ የመጀመሪያውን መስመር ከበሩ ጀምሮ ሳበችው። ከጎኗ እትዬ ብዙወርቅ እንዴት እንደሚሳብ እያዩ፣ እየተሳሳቱ፣ እየታረሙ ቀቡ። «ወደ ታች አይደለም፤ ወደ ጎን» ትላቸዋለች ቦሼ። እሺ ይላሉ። ዘሪቱ ጨርቅ ቢጫው ውስጥ እየነከረች፣ እንባዋ እየወረደ ቀባች። ሁሉም እንባው እየወረደ ቀባ።

ሊቀመንበሩ ሥራው የት ደረሰ ብሎ ብቅ ያለው ግድግዳው ተቀብቶ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው። እንደ ደነገጠ በቅሎ ባለበት ቆመ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ደቦ ነው» አሉ እትዬ ብዙወርቅ።

«ለቅሶ ተከልክሏል! ለምን ታለቅሳላችሁ?»

«ኖራው ዓይናችን ገብቶ ነው።»

ጆንያው አፉ ታስሮ፣ ደርቆ፣ እዚያው መቃኑ ሥር ተጋድሟል። ከጭቃ ረጋጮቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፈነዳ።

«ኤርጎ!» አለ ሀብተ ማርያም። «ኖራውን በጥብጥና ድፋበት! አሁን!»

ኤርጎ እስከ ክርኑ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። እጆቹን አየ፤ ሊቀመንበሩን አየ። «እጄ ሥራ ይዟል፣ ጓድ» አለ።

ሀብተ ማርያም ወደ ዘሪቱ ዞረ። «አንቺ ሴት፣ እንደሱ ልትሆኚ ነው?»

«እንደሱ ነኝ» አለች ዘሪቱ። «ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር፤ ደረስኩበት።»

መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ከደመናው ውስጥ ድምፅ መጣ። ከሰዓት በኋላ የተባለው አውሮፕላን በጠዋት ደረሰ። ሀብተ ማርያም አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ሰማዩን አይቶ ኮቱን እየቆለፈ ወደ ሜዳው ሮጠ፤ ከብቶቹም ገና አልተባረሩም ነበር።

አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ በጣራዎቹ ላይ ሲያልፍ ሌላ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። እትዬ ብዙወርቅ ደረታቸውን መቱ። የዘሪቱም አፍ ተከፈተ። ያኔ ያ ሁሉ ሰው፣ ቀናቱን በሙሉ በነጠላ ታፍኖ የከረመ ሰው፣ ሞተሩ እንደሚውጥለት አውቆ አንጀቱን ዘርግፎ ጮኸ። ቦሼ በአሪኛ የልጇን ስም ጠራች። ወንዶቹ እንደ ሕፃን አነቡ። አውሮፕላኑ ሜዳውን ነካ፣ ተንገጫገጨ፣ ዞረ። ሞተሩ ቀስ እያለ ወርዶ ፀጥ አለ።

ሰውም ከሞተሩ ጋር ዝም አለ። ለምዶበታል። ዘሪቱ ግን ዝም አላለችም። በዚያ ፀጥታ ውስጥ፣ እንግዳውን ሊቀበል የወጣው ሰልፈኛ አበባ ይዞ በቆመበት፣ ድምፅዋ ሜዳውን አቋርጦ ማዶ ደረሰ። «ተገኝ! ተገኝ ወንድሜ! ይበልህ ያልኩት ሞኝነቴ ነው! ቤትህን ናና እየው!» እትዬ ብዙወርቅ እጇን ያዙ፤ ዝም ሊያሰኟት መስሎ ነበር፤ አብረዋት ጮኹ። ከዚያ ኤርጎ፣ ከዚያ ሁሉም። መቼም የሚሆነው ይሁን ብለው ቢጫውን ግድግዳ ከኋላቸው አድርገው፣ ሜዳውን እያዩ፣ እንደ ሰው አለቀሱ።

ባለሥልጣኑ ላንድሮቨር ውስጥ ገባ። መኪናዋ ሜዳውን ዞራ፣ አቧራ እያስነሣች፣ በቤቱ ፊት አለፈች። መስታወቱ ተዘግቷል። ወፍራሙ ሰውዬ ኋላ ተቀምጦ በመሐረብ አንገቱን እየጠረገ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ይነጋገራል። ወደ ቤቶቹ ዞር አላለም። ነጩንም አላየ፣ ቢጫውንም አላየ። መኪናዋ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ታጠፈች።

ቆየት ብሎ ሀብተ ማርያም በእግሩ መጣ። ያዘጋጀው ንግግር ኪሱ ውስጥ እንደ ታጠፈ ነው፤ ማንም አልጠየቀውም።

«አላየውም» አለ። ለማን እንደሚናገር አያውቅም። «ዞር እንኳ አላለም።»

ተገኝ የሞተው ለዚህ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱም አሁን አወቀው። ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ቤቱንስ ለማን ትሰጠዋለህ?» አለች ዘሪቱ።

ሀብተ ማርያም በግቢው የተሰበሰበውን ሰው አየ፤ ሕፃን ሽማግሌው እስከ ክርኑ ቢጫ ነው። «ለማን እሰጠዋለሁ?» አለ። «እጁ ቢጫ ያልሆነ ሰው አሳዪኝ።»

ከዚያ ቀና ብሎ ግድግዳውን ተመለከተ። ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ እነሱ ያልደረሱበት ጠባብ መስመር ቀለም ሳይነካው ጭቃ እንደ ሆነ ቀርቷል። ሀብተ ማርያም ተነሣ። ኮቱን አወለቀ። እሱም እንደ ተገኝ ረጅም ነው፤ ልጅ ሆነው ማንጎ የሚያወርዱት ሁለቱ ነበሩ።

«እዚያ ላይ አትደርሱም» አለ፤ ድምፁ የሊቀመንበር አልነበረም። «እኔ እደርሳለሁ። ጨርቁን ስጪኝ።»

እጁ ተዘርግቷል። ነጭ፣ ንጹሕ እጅ ነው። ዘሪቱ እጁን አየችው፤ ፊቱንም አየችው፤ እያለቀሰ ነው። አዘነችለት፤ ማዘኗም አናደዳት።

«ይቅር» አለች። «እዚያ የሚደርሰው ሰው ሞቷል።»

ጨርቁን ድስቱ ላይ ጨመቀችው፤ ቢጫው ውሃ በጣቶቿ መሐል ወረደ። አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችው።